ከሱሉልታ መስክ እስከ ጨለለቃ ውኃ፦ በታጨደ ማሳ ላይ የወፍ ጉዞ ማስታወሻ

በታኅሣሥ ወር ወፍ ለማየት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ወይም ወደ ባሌ ጫካዎች ያቀናል። እኛ በዚህ ጉዞ ሆን ብለን የመረጥነው ግን ተጓዡ ሁሉ በፍጥነት የሚያልፈውን የታጨደ የደጋ ማሳ ነው። አውሮፓና ሰሜን እስያ በበረዶ ሲሸፈኑ ወደ ኢትዮጵያ ከሚወርዱት ወፎች ብዙዎቹ ዛፍ የማይፈልጉ፣ በተንጣለለ ሣርና በተራቆተ መሬት ላይ መኖር የለመዱ ናቸው። የደጋው ገበሬ እህሉን አጭዶ፣ ከምሮ፣ ከብቱን በቃርሚያው ላይ በሚለቅበት ሰሞን ይህ ሜዳ ለእነርሱ የተዘረጋ ማዕድ ይሆናል። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች በሚገኙባት አገር ለቡናማ ወፍ ብሎ በብርድ ሜዳ ላይ መቆም ለብዙ ሰው ትርጉም ላይሰጠው እንደሚችል አውቃለሁ፤ የጉዞው ዓላማ ግን ይኸው ነበር።

አብሮኝ የተጓዘው በወፍ አስጎብኚነት ለብዙ ዓመታት የሠራ ወዳጄ ነው። እያንዳንዳችን ስምንት እጥፍ የሚያቀርብና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ባይኖኩላር ይዘናል፤ እርሱ በተጨማሪ ባለ ሦስት እግር ቴሌስኮፕ ጭኗል። በጫካ ውስጥ ቴሌስኮፕ ሸክም ብቻ ነው። በሜዳ ላይ ግን ወፉም ሰውን ከሩቅ ያያልና ያለ ቴሌስኮፕ የሚደረግ ጉዞ ግማሹን ነገር ያስቀራል።

ታኅሣሥ 22 ቀን፦ ሱሉልታ

እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ሜዳ ስንደርስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ሜዳው 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ በበጋ ሌሊቶች ውርጭ ይጥልበታል፤ በዚያን ዕለትም በጨፌው ዳር ያለው ሣር ነጭ ለብሶ ጠበቀን። ገና ከመኪናው ሳንወርድ ከባሕር ዛፎቹ አቅጣጫ ከፍተኛ ጩኸት ተሰማና ከጉሮሯቸው ሥር ቀጭን የሥጋ ዘለላ የሚንጠለጠልባቸው አይቢሶች በመንጋ ሆነው ከማደሪያቸው ተነሡ። እነዚህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኙ ወፎች ስለሆኑ የውጭ አገር ጎብኚ ሲያያቸው ይደነቃል፤ ለአካባቢው ነዋሪ ግን ጩኸታቸው ከዶሮ ጩኸት ቀጥሎ የሚሰማ የንጋት ድምፅ ነው። በመስኩ ላይ አርፈው ረጅምና ቆልማማ መንቆራቸውን በርጥቡ መሬት ውስጥ እየወጉ ትልና እጭ ማውጣት ሲጀምሩ ጩኸቱ ወዲያው ቆመ።

በጨፌው መካከል በሚያልፈው ቀጭን ጅረት ዳር ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይግጡ ነበር። ቆመው ሲያርፉም ሆነ ሲራመዱ አንገታቸውን ወደ ኋላ አጥፈው በጀርባቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ ከሩቅ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም፤ ስማቸውን የሰጣቸው ሰማያዊ ቀለም እስኪበሩ ድረስ እምብዛም አይታይምና። ጥቅጥቅ ያለው ላባቸው የደጋውን ብርድ ለመቋቋም የሚጠቅማቸው ሲሆን፣ ዝርያው በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የሚኖር ነው። አንደኛዋ ዝይ ከጅረቱ ተነሥታ ጥቂት ሜትር ተሻግራ ስታርፍ የክንፏ ሰማያዊ ለቅጽበት ታየና ተመልሶ ተሸፈነ።

ፀሐይዋ ውርጩን ማቅለጥ ስትጀምር የሜዳው እውነተኛ ነዋሪዎች መታየት ጀመሩ። በደረቀ የሣር ጉብታ ላይ አንዲት ወፍ ቆማ ከወደ ጀርባዋ ስናያት ከደረቀ ሣር የማትለይ ቡናማ ነበረች። ፊቷን ወደ እኛ ስታዞር ግን ደማቅ ቢጫ ጉሮሮዋና ቢጫውን ከበው የሚያልፉት ጥቁር ነጠብጣቦች ወለል ብለው ታዩ። ይህች ሎንግክሎው የምትባለው፣ የኋላ ጥፍሯ ከተለመደው እጅግ የረዘመ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ወፍ ናት። ጎጆዋን የምትሠራው በመሬት ላይ፣ በሣር ሥር ስለሆነ ሣሩ ሙሉ በሙሉ ተግጦ ካለቀ ወይም መስኩ ከታረሰ መክተቻ ታጣለች። ወዳጄ እንደሚለው ሎንግክሎው ያለበት መስክ ገና መስክ ነው፤ እርሷ ከጠፋች ግን መሬቱ ወደ ሌላ ነገር መለወጡን ከካርታ በፊት ታስታውቃለች። አባባሉ ትንሽ የተጋነነ ቢመስለኝም የዕለቱ ምልከታችን አልተቃረነውም፤ በባሕር ዛፍ ችግኝ በተሸፈነው አጠገባችን ባለ ቁራሽ መሬት ላይ አንዲትም አላየንምና።

ከብቶቹ ወደ ታጨደው ማሳ ሲሰማሩ ቢጫ ዋግቴሎች ተከትለዋቸው መጡ። እነዚህ ጭራቸውን ሳያቋርጡ የሚያወዛውዙ ትንንሽ ወፎች ከላሟ እግር ሥር እየተሽሎከሎኩ፣ ኮቴዋ ያስነሣውን ዝንብና ፌንጣ ይለቅማሉ። የወፍ ተመልካች እዚህ ላይ ቢዘገይ አይቆጨውም፤ በአንድ መንጋ ውስጥ ራሱ ጥቁር የሆነ፣ ራሱ ሰማያዊ ግራጫ የሆነና ራሱ ጠቆር ያለ ግራጫ የሆነ ወንድ አብረው ይገኛሉ። የራሳቸው ቀለም የሚለያየው የሚራቡበት አገር ስለሚለያይ ነው፤ ጥቁር ራሶቹ ከባልካንና ከጥቁር ባሕር ዙሪያ፣ ጠቆር ያለ ግራጫ ራስ ያላቸው ደግሞ ከስካንዲኔቪያና ከሰሜን ሩሲያ የመጡ ናቸው። በበጋው ወራት ግን ሁሉም በአንድ ሱሉልታ ላም እግር ሥር ይገናኛሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ወደየአገራቸው ሲመለሱ እንደገና ይለያያሉ።

ከዋግቴሎቹ ጋር ተቀላቅለው ቀይ ጉሮሮ ፒፒቶች ነበሩ፤ በዚህ ወቅት ጉሮሯቸው የደበዘዘ በመሆኑ ከጉሮሮው ይልቅ በጀርባቸው ላይ ባሉት ደማቅ መስመሮችና ሲነሡ በሚያሰሙት ቀጭንና ረጅም ድምፅ መለየት ይቀላል። አዲስ በታረሰ አንድ ጓል ላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አሸዋማ ቀለም ያለው ዊትኢር ታየ። ሁለት ሦስት እርምጃ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል፣ ተመልሶ ቀጥ ይላል። ከመካከለኛው እስያ ደረቅ ሜዳዎች የመጣ ነው።

ረፋዱ ላይ ማሳቸውን ሊያዩ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ቆመው ተመለከቱን። «እንደምን አደሩ አባቴ» ብለን ስለ አመጣጣችን ስንነግራቸው ፈገግ አሉና በእንጨት አጥር ላይ ወደ ተቀመጠው ኦገር ባዛርድ በበትራቸው አመለከቱ። ሆዱ ነጭ፣ ጭራው ቀይ የሆነው ይህ ጭልፊት ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ እስኪል ይጠብቅ ነበር። «ልጄ፣ እሱን ተዉት፤ እኔ ወጥመድ ጠምጄ የማልይዘውን ፍልፈል እሱ ይይዝልኛል» አሉን። ስለ ሌሎቹ ወፎች ስንጠይቃቸው የሰጡን መልስ ከመጽሐፍ ከምናውቀው የበለጠ ነበር፤ ግራጫዎቹ ጭልፊቶች የሚመጡት ስንዴው ሊታጨድ ሲል መሆኑን፣ ድርጭት ደግሞ በጓያው ውስጥ ስትጮኽ የሚሰሙት ከብርዱ በኋላ መሆኑን በየወሩ ለይተው ያውቃሉ።

ሜዳው በየአቅጣጫው እየጠበበ ነው። ከመንገዱ ዳር መጋዘንና ፋብሪካ፣ ከዚያ ጀርባ አዳዲስ ቤቶች፣ ከቤቶቹ ጀርባ ባሕር ዛፍ ይታያል። ባሕር ዛፍ ለገበሬው ፈጣን ገንዘብ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን በጨፌ ውስጥ ሲተከል ውኃውን ስለሚመጥ ከመሬቱ ጋር የጨፌው ወፍም ይሄዳል። በክረምት እንዲህ ባለ ጨፌ ውስጥ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የተባለችው በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት የቀረች ወፍ ትራባለች፤ ዋነኛ መኖሪያዋ ከሆለታ አካባቢ ያለው የበርጋ ጨፌ ነው። በዚህ ወቅት እርሷን መፈለግ ከንቱ ድካም ስለሆነ ወደ ሰሜን ጉዟችንን ቀጠልን።

ታኅሣሥ 23 ቀን፦ ከሙከጡሪ እስከ ደብረ ጽጌ

ጫንቾን አልፎ ወደ ፍቼ በሚወስደው መንገድ ላይ ሜዳው ይሰፋል፤ ጥቁር መረሬ መሬት ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በበጋ ደግሞ እየደረቀ ሲሄድ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ስንጥቁ የአይጥ ቤት ነው፤ ጤፉ ሲታጨድ ደግሞ መሸሸጊያ ሣሩ ይነሣና አይጡ ከላይ ለሚያይ ሁሉ ይገለጣል። አዳኝ ወፎች በታኅሣሥ ወደዚህ ሜዳ የሚሰበሰቡበት ምክንያት ይህ ነው። በሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ በስልክ እንጨትና በክምር አናት ላይ ተቀምጠው ካየናቸው ጭልፊቶች መካከል ኬስትሬል፣ ነጭና ግራጫ የሆነው ጥቁር ትከሻ ካይት፣ እንዲሁም ላነር ፋልከን ነበሩ።

ዕለቱን ያከበረልን ግን ሃሪየር የተባለው አዳኝ ወፍ ነው። ሃሪየር በማሳው ላይ ከሰው ቁመት ብዙም ከፍ ሳይል፣ ክንፉን ወደ ላይ እንደ ተዘረጋ የእንግሊዝኛ V ፊደል አድርጎ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል፤ አይጥ ወይም ትንሽ ወፍ ሲያይ ተገልብጦ ይወርዳል። በዚህ ሜዳ ላይ በበጋ ሁለት የሚመሳሰሉ ዝርያዎች አብረው ያድናሉ። የፓሊድ ሃሪየር ወንድ ከሞላ ጎደል ነጭ የሚመስል ፈዛዛ ግራጫ ሆኖ በክንፉ ጫፍ ላይ ቀጭን ጥቁር ሽብልቅ ብቻ አለው። የሞንታጉ ሃሪየር ወንድ ግን ጠቆር ያለ ሲሆን በክንፉ ላይ ርዝመቱን ተከትሎ የሚሄድ ጥቁር መስመር ይታይበታል። ወንዶቹ እስከታዩ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሴቶቹና ወጣቶቹ ግን ሁሉም ቡናማ ናቸው፤ ሁሉም በጭራቸው ሥር ነጭ ምልክት አላቸው፤ ለመለየት የቀረው ምልክት በፓሊድ ሃሪየር አንገት ዙሪያ ያለው ፈዛዛ ቀለበትና ከእርሱ በላይ ያለው የጠቆረ ጉንጭ ነው። ወፏ አንገቷን እስክታዞር ድረስ በባይኖኩላር መከተል ትዕግሥት ይጠይቃል። ያየናቸውን ሴቶች በሙሉ ለይተናል ብል ውሸት ይሆናል፤ እርግጠኛ ያልሆንባቸውን «ሃሪየር» ብለን ብቻ መዝግበናል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውን፣ ማለትም ያልታየውን ዝርያ ሞልቶ መጻፍን፣ ሁለታችንም አንወደውም።

ፓሊድ ሃሪየር በካዛኪስታንና በደቡብ ሩሲያ ሰፋፊ የሣር ሜዳዎች የሚራባ ሲሆን ሜዳው እየታረሰ በመሄዱ ቁጥሩ ቀንሷል። ከዚያው አካባቢ የሚመጣው ስቴፕ ንስር ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ወፎች መካከል ተመድቧል። ከደብረ ጽጌ በስተደቡብ በተከመረ የጤፍ ነዶ አጠገብ ሦስት ስቴፕ ንስሮች መሬት ላይ ቆመው አገኘናቸው። ትልልቅና ጠቆር ያሉ ናቸው፤ ከአፋቸው ጠርዝ ያለው ቢጫ መስመር እስከ ዓይናቸው ጀርባ ድረስ ስለሚረዝም አፋቸው ሰፊ ይመስላል። ንስር ሲባል ብዙ ሰው ከሰማይ በፍጥነት ወርዶ የሚነጥቅ አዳኝ ያስባል። እነዚህ ግን በማሳው ላይ እየተራመዱ ምሥጥ፣ አይጥና የሞተ እንስሳ ነው የሚፈልጉት፤ ከምሥጥ ይልቅ ከፍ ያለ ምግብ ሲያገኙም ያን ያህል አይቸኩሉም።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ የመሬቱ ሙቀት በቴሌስኮፑ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ጭጋግ ስለሚፈጥር የሩቁን ወፍ መለየት ያስቸግራል። እስኪበርድ ድረስ በአንድ አውድማ ዳር ተቀመጥን። በሬዎቹ ያበራዩ ነበር፤ ወንዶቹ በመንሽ ገለባውን ለነፋስ ይበትኑታል፤ እህሉ ከሥር ይቀራል። ከነፋሱ በስተግርጌ በኩል የተበተነውን ቅንጣት ለመልቀም ጥቁር ራስ ሲስኪኖችና ድንቢጦች ይወርዳሉ፤ አብረዋቸውም ከአውሮፓ የመጡ ኦርቶላን በንቲንጎች ነበሩ። የኦርቶላን ራስ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ግራጫ፣ የዓይኑ ዙሪያ ቢጫ ነው፤ በምዕራብ አውሮፓ እየታደነ ለጠረጴዛ ይቀርብ ስለነበር ፈረንሳይ በ1999 እ.ኤ.አ. በሕግ እስከ መከልከል የደረሰችበት ወፍ ነው። እዚህ ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ከድንቢጦቹ ጋር ተደባልቆ ይለቅማል።

ወደ ማታ ወደ ገደሉ አፋፍ ወጥተን ደብረ ሊባኖስ አካባቢ የገደሉን ወፎች ለአጭር ጊዜ ተመለከትን፤ አጥንት ከከፍታ ላይ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ አሞራም አንዴ በፊታችን አለፈ። እርሱ የሌላ ጉዞ ጉዳይ ስለሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ሜዳው ተመለስን፤ ሃሪየሮች በምሽት ተሰባስበው ረጅም ሣር ውስጥ፣ መሬት ላይ ያድራሉና ማደሪያቸውን ማግኘት ፈልገን ነበር። ከድርቆሽ በተረፈ አንድ ያልታጨደ ሣር ላይ አንድ በአንድ እየመጡ ዝቅ ብለው ሲዞሩና ሲጠፉ ዐሥራ አንድ ቆጠርን። የሣሩ ስፋት ከአንድ ሔክታር አይበልጥም።

ታኅሣሥ 24 ቀን፦ ቢሾፍቱና ጨለለቃ

ከሰሜን ተመልሰን አዲስ አበባን አቋርጠን ቢሾፍቱ ስንገባ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። እዚህ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ውርጭ የለም፤ ጤፉ ከተነሣ ሰንብቷል፤ በቀሪ ርጥበት የበቀለው ሽምብራና ጓያ ብቻ በጥቁሩ መሬት ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የመጣነው ክሬን ለሚባሉት ረጃጅም ግራጫ ወፎች ነው። ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያና ከሩሲያ ረግረጎች ተነሥተው ኢትዮጵያ ድረስ የሚዘልቁት እነዚህ ወፎች ክንፋቸው ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ያልፋል፤ ራሳቸው ላይ ቀይ ቆዳ፣ በአንገታቸው ላይ ጥቁርና ነጭ ቀለም አላቸው። ኑሯቸው በሁለት ቦታ የተከፈለ ነው፤ ቀን በታጨደ ማሳ ላይ የፈሰሰ እህል ይለቅማሉ፤ ሌሊት ጅብና ቀበሮ እንዳይደርስባቸው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ማሳውና ውኃው ተቀራርበው ካልተገኙ ክሬን አይከርምም። ጨለለቃ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ስለሆነና ዙሪያው ማሳ ስለሆነ ሁለቱንም ያሟላል።

ከሰዓት በኋላ በአንድ የጤፍ ገለባ ላይ አርባ ያህሉን አገኘናቸው። ቴሌስኮፑን በመኪናው መስኮት ላይ አሳርፈን ከመቀመጫችን ሳንነሣ አየናቸው፤ ክሬን መኪና ቢለምድም በእግሩ የሚጠጋውን ሰው ከሩቅ ይሸሻል። በመንጋው ውስጥ ቤተሰቦች ተለይተው ይታወቁ ነበር፤ ሁለት ወላጆች፣ በመካከላቸው ራሱ ቡናማ የሆነ አንድ ወይም ሁለት ጫጩት። ጫጩቱ የመጀመሪያውን ጉዞ ከወላጆቹ ጋር የሚያደርገው መንገዱን ለመማር ነው፤ ከብዙ ትንንሽ ወፎች በተለየ ክሬን መንገዱን ከትልልቆቹ ይማራል። አንድ ልጅ ከሽምብራው ማሳ ዳር በወንጭፍ ድንጋይ ሲወረውር መንጋው ተነሥቶ ትንሽ ራቅ ብሎ አረፈ። ልጁን ልንወቅሰው አልፈለግንም፤ ክሬን ከገለባው ላይ የፈሰሰውን እህል ብቻ ቢለቅም ማንም አይጎዳም፤ ሽምብራው ውስጥ ሲገባ ግን የሚበላው የቤተሰቡን ሰብል ነው።

ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በጨለለቃ ዳር ቦታ ያዝን። ከመታየታቸው በፊት ድምፃቸው ይደርሳል፤ የጉሮሯቸው ቧንቧ በደረታቸው አጥንት ውስጥ ተጠምዝዞ ስለሚያልፍ ጥሪያቸው ብዙ ኪሎ ሜትር ይሰማል። ከዚያ በኋላ በየመስመሩ እየሆኑ፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ዘርግተው መጡ። ሽመላም አንገቱን እንዲህ ዘርግቶ ቢበርም አበራረራቸው ለየቅል ነው፤ ሽመላ በቀትር ሙቀት ተንሳፍፎ ሲዞር ክሬኖቹ በምሽቱ ቀዝቃዛ አየር ክንፋቸውን እየመቱ ነበር። መቁጠሩን ተከፋፈልን፤ ወዳጄ ውኃው ላይ ያረፉትን፣ እኔ የሚመጡትን። ዐሥሩን ለይቶ ቆጥሮ የቀረውን በዚያ ልክ መለካት የተለመደ ዘዴ ነው፤ አደጋው አንድ መንጋ ካረፈ በኋላ ተነሥቶ ሲያርፍ ሁለት ጊዜ መቆጠሩ ነው። ይህን ለመቀነስ ከመጡት ላይ የተነሡትን እየቀነስን፣ እስኪጨልም ቀጠልን።

በሙሉ ስንደምር እርሱ ካረፉት ቆጥሮ 420፣ እኔ ከመጡት ቆጥሬ 455 አገኘን። በየዓመቱ በጥር ወር በብዙ አገሮች የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የውኃ ወፎች ቆጠራ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው እንዲህ ባሉ የመስክ ደብተሮች ላይ ስለሆነ የትኛውን ቁጥር እንደምንጽፍ ጥቂት ተከራከርን። እርሱ አማካዩ ይጻፍ ሲል፣ እኔ ዝቅተኛው ይጻፍ፤ የተነሡት መንጋዎች በጨለማ ስላሳሳቱኝ የእኔ ላይ ድግግሞሽ ሊኖር ይችላል አልሁ። በመጨረሻ 420 ተጽፎ ከጎኑ የቆጠራው ሰዓት፣ የሰማዩ ሁኔታና አብዛኞቹ የመጡት ከምሥራቅ፣ ከጤፍ ገለባው በኩል መሆኑ ሰፈረ።